ከአጥሚት እስከ ፋፋ፤ የሕፃናት የዱቄት ምግብ ታሪክ በኢትዮጵያ

ሕፃን ጡት ሲጥል በእናቱ ወተት ምትክ ምን ሊጠጣ ይገባዋል የሚለው ጥያቄ በየአገሩ ጥንታዊ ነው። ለዚህ ጥያቄ በፋብሪካ ተፈጭቶ፥ በቆርቆሮ ወይም በወረቀት ታሽጎ የሚሸጥ መልስ የተገኘው ግን ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ1865 የስንዴ ዱቄት፥ ብቅልና የላም ወተት ያለበትን የሕፃናት ምግብ አስታወቀ፤ ሄንሪ ኔስትሌም ከጥቂት ጊዜ በኋላ በስዊስ አገር ወተት፥ የስንዴ ዱቄትና ስኳር የተቀላቀለበትን ዱቄት ለገበያ አቀረበ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በኢትዮጵያ ይህን የመሰለ ዱቄት ለመሥራት የታሰበው መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። ታሪኩ በሚገባ እንዲታወቅ አስቀድሞ የቤቱን ልማድ መመልከት ያስፈልጋል።

በመካከለኛው የኢትዮጵያ ደጋ ለሕፃን የሚሰጡት የታወቁ መጠጦች አብሽ፥ አጥሚትና በሶ ናቸው። የአብሽ ዱቄት በውሃ ይዘፈዘፋል፤ መራራው ውሃ እየተደፋ ከተለወጠ በኋላ አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ይመታል፤ ማር ወይም ስኳርም ይጨመርበታል። አጥሚት ከገብስ፥ ከአጃ ወይም ከስንዴ ዱቄት የሚፈላ ቀጭን መጠጥ ሲሆን፥ ሕፃኑ ብቻ ሳይሆን አራሷና በሽተኛውም ይጠጡታል። በሶ ከተቈላ ገብስ የሚፈጭ ነው፤ በጥቂት ውሃ ሲታሽ የመንገደኛ ስንቅ፥ በብዙ ውሃ ሲበጠበጥ መጠጥ ይሆናል። ወተት ያለው ቤት በአጥሚቱ ላይ ወተት ይጨምራል፤ ቅቤ ያለውም ቅቤ ጣል ያደርጋል። የሌለው በውሃ ብቻ ያፈላል።

በእነዚህ መጠጦች ውስጥ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አዋቂ የሚቀርብበት ማዕድ እህልንና ጥራጥሬን አጣምሮ የያዘ ነው፤ ጤፉ በእንጀራው፥ ባቄላው፥ አተሩ፥ ሽምብራውና ምስሩ በወጡ ይገኛሉ። የእህል ፕሮቲን ላይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ያንሰዋል፤ የጥራጥሬ ፕሮቲን ደግሞ ይህን አትረፍርፎ ይዞ ሜቲዮኒን የሚባለው ያንሰዋል። ስለዚህ እንጀራ በሽሮ የሚበላ ሰው የአንዱን ጉድለት በሌላው ይሞላል። ሕፃኑ ግን በርበሬ የበዛበትን ወጥ ሊቋቋም ስለማይችል፥ ከዚሁ ጥምረት ይርቅና እህሉ ብቻ በአጥሚት ይደርሰዋል። በጾም ወራት ችግሩ ይብሳል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ በጾም አይገደድም፤ ነገር ግን የቤቱ ድስት አንድ በሆነበት ስፍራ ወተት፥ ቅቤና ዕንቍላል ከእናት ማዕድ ሲወጡ ከልጁም ድርሻ አብረው ይወጣሉ። ካርል ኤሪክ ክኑትሰንና ሩት ሴሊኑስ በ1970 ያወጡት ጥናት የኢትዮጵያን ጾም ከባህልና ከአመጋገብ አንጻር አያይዞ የመረመረ በመሆኑ ለዚህ ጉዳይ ጠቃሚ ነው።

የዚህ ዐይነቱ ጉድለት ውጤት በሌላ የአፍሪካ ክፍል አስቀድሞ ስም ወጥቶለት ነበር። ሐኪሟ ሲስሊ ዊልያምስ በጎልድ ኮስት፥ በዛሬዋ ጋና፥ ሰውነታቸው የሚያብጥና ቆዳቸው የሚላላጥ ሕፃናትን አይታ በ1933 ስለ በሽታው ጻፈች፤ በ1935ም የጋ ሕዝብ የሚጠራበትን «ክዋሺዮርኮር» የሚለውን ስም ለሕክምናው ዓለም አሳወቀች። ስሙ ታናሽ ሲወለድ ከጡት የሚለየውን ልጅ የሚይዝ ሕመም ማለት ነው። እንግዲህ የበሽታውን ምክንያት ከሐኪሞች በፊት እናቶች በቃል ለይተውት ነበር።

በኢትዮጵያ የሕዝቡ አመጋገብ በ1958 በሰፊው ተመረመረ። በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የሕፃናትን ምግብ የሚያጠና ክፍል በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ይህም በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። በዚሁ ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀው ዱቄት ፋፋ ተባለ። ስሙ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ፋፋ ማለት ሰውነቱ ሞላ፥ ወዙ አማረ፥ አደገ ማለት ሲሆን፥ እናት ስለ ልጇ የምትናገረው ቃል ነው። በዱቄቱ ውስጥ ስንዴ፥ አኩሪ አተር፥ ሽምብራ፥ ስቡ የተገፈፈ የወተት ዱቄት፥ ስኳር፥ ጨው፥ እንዲሁም ቪታሚኖችና ማዕድኖች ነበሩበት። አሠራሩም እንደ አጥሚት በውሃ ተበጥብጦ በእሳት የሚፈላ ነበር። በዚያው ዘመን በጓቴማላ ኔቪን ስክሪምሾና ሪካርዶ ብሬሳኒ ከበቆሎና ከጥጥ ፍሬ ዱቄት ኢንካፓሪና የተባለውን አዘጋጅተው ስለ ነበር፥ ፋፋ የአንድ ሰፊ ሐሳብ ክፍል ነው።

በአገሬው ቋንቋ ቢመዘን፥ ፋፋ ያመጣው ሐሳብ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። የኢትዮጵያ ባለሙያ ሴት «ምጥን» የሚል ቃል አላት፤ ይኸውም ልዩ ልዩ ነገር በየመጠኑ ተደባልቆ አንድ የሆነበት ዱቄት ነው፤ ምጥን ሽሮ የሚባለውም ከዚሁ የተነሣ ነው። እንግዳ የነበሩት አኩሪ አተሩ፥ የወተቱ ዱቄትና የቪታሚኑ ልክ ናቸው። የፋፋም ዋና ሥራ በአዋቂው ማዕድ ላይ የነበረውን የእህልና የጥራጥሬ ጥምረት ወደ ሕፃኑ ጽዋ ማውረድ ነበር።

ይሁን እንጂ ጭንቁ በዋጋውና በመንገዱ ላይ ነበር። በሱቅ የሚሸጥ ዱቄት ገንዘብ ላለውና ለመንገድ ለቀረበው ይስማማል፤ ጎተራው ውስጥ እህል ኖሮት በእጁ ገንዘብ ለሌለው ገበሬ ግን ከልጁ ፍላጎት ይልቅ የገበያው ርቀት ይወስንበታል። በዚህም ምክንያት የታሸገው ዱቄት ይበልጥ ለሚያስፈልገው በቀላሉ አይደርስም። ሐኪሞችና የጤና ሠራተኞች ከጊዜ በኋላ እናት ከራሷ እህልና ጥራጥሬ ቈልታ፥ ፈጭታና መጥና እንድታዘጋጅ ወደ ማስተማር ያዘነበሉት ስለዚህ ነው። መቍላቱም ለጣዕም ብቻ አይጠቅምም፤ በጥሬ ጥራጥሬ ውስጥ የፕሮቲንን መፈጨት የሚያውክ ነገር ስላለ እሳቱ ያንን ያጠፋል።

የሳይንሱም ሐሳብ ተለውጧል። ዶናልድ ማክላረን በ1974 በላንሴት መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ የዓለም ሕፃናት ችግር የፕሮቲን ማነስ ብቻ ነው የሚለውን አስተያየት አጥብቆ ነቀፈ። ከዚያ ወዲህ የምግቡ ኀይል፥ የብረትና የዚንክ ልክ፥ የውሃውም ንጽሕና አብረው ይታያሉ። ቀጭን አጥሚት የሕፃኑን ትንሽ ሆድ በውሃ ይሞላዋል፤ ወፍራሙን ደግሞ መዋጥ ያስቸግረዋል። ጥቂት የብቅል ዱቄት ቢጨመር ግን ስታርቹን ስለሚሰባብረው፥ ብዙ እህል ያለበት አጥሚት ውሃ ሳይበዛበት ይቀጥናል። ሊቢግ በ1865 በብቅል የተጠቀመው በዚሁ ጠባዩ ነው፤ በኢትዮጵያም ብቅል ለጠላ ከጥንት ጀምሮ በየቤቱ ይገኛል።

የዓለም ጤና ጉባኤ በ1981 የጡት ወተት ምትኮች የሚሸጡበትን ደንብ አወጣ፤ በ2001ም ሕፃን እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ እንዲጠባ፥ ከዚያም ከሌላ ምግብ ጋራ ጡቱን እንዲቀጥል አሳሰበ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 ወደ ምግብ የሚጨመር ስኳር ከጠቅላላው ኀይል ከመቶ 10 በታች እንዲሆን መከረ። ዛሬ በየሱቁ ጣፋጭ የሆኑ የልጆች መጠጥ ዱቄቶች ተደርድረው ሲታዩ፥ የፋፋ ታሪክ የሚመረጥበትን መለኪያ ያመለክታል፦ ከእህሉ ጋራ ጥራጥሬ ወይም ወተት አለበትን? ስኳሩ ምን ያህል ነው? ውሃው ፈልቷልን? ዋጋውስ ነገም ከነገ ወዲያም ሊከፈል የሚቻል ነውን?

ኢንስቲትዩቱ በ1995 ከሌሎች የጤና ምርምር ተቋማት ጋራ ተዋሐደ፤ የዱቄቱ ስም ግን ከመሥሪያ ቤቱ ዕድሜ አልፎ ኖረ። እናቶች በራሳቸው አንደበት የሚያውቁት ቃል ስለ ነበረ፥ ለዕድሜው መርዘም ይህም አንድ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።