አስገዳጁ የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ሰው የጸና የሦስተኛ ወገን መድን የሌለውን ባለሞተር ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ መንዳት ወይም እንዲነዳ ማድረግ አይችልም።

የሚሸፍነው፦ ተሽከርካሪው በሌላ ሰው ላይ የሚያደርሰውን ሞት፣ የአካል ጉዳትና የንብረት ውድመት በሕግ እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ ይክሳል። ከጣሪያው የሚበልጠው ጉዳት ባለንብረቱን በኃላፊነት ሊያስጠይቅ ይችላል።

የማይሸፍነው፦ በመድን ገቢው ተሽከርካሪ ላይ የሚደርስ ግጭትና ስርቆት እንዲሁም በአሽከርካሪው ላይ የሚደርስ ጉዳት በዚህ መድን አይካተትም። ለእነዚህ ተጨማሪ የመድን ውል መግባት ያስፈልጋል።

መድን የሌለው ወይም ገጭቶ ያመለጠ ተሽከርካሪ ጉዳት ሲያደርስ፦ ተጎጂው ያለ ካሳ አይቀርም። ለሞትና ለአካል ጉዳት የመድን ፈንድ ካሳ ይከፍላል፤ የከፈለውንም ከባለንብረቱ መልሶ ይጠይቃል። ፈንዱ በዚህ ሁኔታ ለደረሰ የንብረት ጉዳት ግን አይከፍልም።

ተጎጂው ሊያደርግ የሚገባው፦ የጤና ተቋማት ለመኪና አደጋ ተጎጂዎች አስቸኳይ ሕክምና የመስጠት ግዴታ ስላለባቸው፣ በቅድሚያ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ተቋም መሄድ ይኖርበታል። አደጋውን ወዲያውኑ ለትራፊክ ፖሊስ ማስመዝገብ፣ የተሽከርካሪውን የሰሌዳ ቁጥር መያዝና የሕክምና ማስረጃዎችን ማስቀመጥ ለካሳ ጥያቄው መሠረት ናቸው።

ባለንብረቶች የመድኑን ተለጣፊ ምልክት በተሽከርካሪው ላይ በሚታይ ቦታ መለጠፍና ውሉን የአገልግሎት ዘመኑ ሳያበቃ ማሳደስ ይጠበቅባቸዋል።