ውሉ የጠፋ ልቃቂት፤ የአንድ አነጋገር አመጣጥና ትርጉም

የሒሳብ መዝገብ ሲደበላለቅ፣ ስብሰባ ከርእሱ ወጥቶ ሲንዛዛ፣ ወይም የተጀመረ ሥራ ከምን እንደ ደረሰ የሚያውቅ ሲታጣ፣ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ «ነገሩ ውሉ ጠፋ» ይላል። አነጋገሩን ሊያጠብቀው ሲፈልግም «ውሉ እንደ ጠፋ ልቃቂት» ብሎ ያክልበታል። አባባሉ የዕለት ተዕለት በመሆኑ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሥርዐት ማለት ምን እንደ ሆነ አጥብቆ የሚያስረዳ ቁም ነገር በውስጡ ይገኛል።

አባባሉ የተወለደው በፈታይ እጅ ነው። ጥጥ በዚህ አካባቢ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በ4ኛው ምዕተ ዓመት የአክሱም ንጉሥ ኢዛና በኖባ ላይ ስለ መዝመቱ ያስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ከእህል ጋር የጥጥ ክምችት መጥፋቱን ያወሳል። ፈታይዋ ጥጡን ዳምጣ ፍሬውን ካወጣች በኋላ በደጋን ትነድፈዋለች፤ ባዘቶውንም በእንዝርት ትፈትለዋለች። ክሩ በእንዝርቱ ላይ እየተጠቀለለ ወፍሮ ሲወጣ ልቃቂት ይባላል፤ የክሩም ጫፍ ውል ነው።

በአንዲት ልቃቂት ላይ ክሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚቆጥር የለም። የዙሩ መብዛት፣ አንዱም በሌላው ላይ መደራረቡ ለሸማኔው ችግር አይሆንበትም፤ ውሉ ከተገኘ ሁሉም በየተራው ይተረተራልና። ውሉ የጠፋ እንደ ሆነ ግን ከመሐል የተሳበው ክር ይወሳሰባል፤ ተበጥሶ ቢቀጠልም ቋጠሮው በጋቢው ላይ ይታያል። እንግዲህ የአባባሉ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው፤ የሥርዐት ተቃራኒ ብዛት ወይም ውስብስብነት ሳይሆን መነሻን ማጣት ነው።

ከእርሻ የተወሰደው «ፈር ለቀቀ» የተባለው አነጋገር የዚህ ቅርብ ዘመድ ቢሆንም በትርጉሙ ይለያል። ገበሬው ፈሩን ቢለቅ በሬዎቹን መልሶ ያቀናል፤ የስሕተቱም ቦታ ከዐይኑ ፊት ነው። ውሉ የጠፋበት ሰው ግን የሚመለስበትን ቦታ ራሱን ያጣ ነው።

በዚሁ ቃል ስምምነትም ይጠራበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1675 ጀምሮ የሚደነግግለት ውል፣ ነገር በተወሳሰበ ጊዜ ተዋዋዮች ተመልሰው የሚይዙት ጫፍ ነው። ጫፉ ዋጋ የሚኖረውም አንድ ሲሆን ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል ለዚህ ምስክር ነው። የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛ ቃል፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም እንደሚቻላቸው ሲናገር፣ የኢጣልያንኛው ቃል ይህንኑ ግዴታ አደረገው። አንዱ ውል ሁለት ጫፍ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1885 ዓ.ም. ውሉ መፍረሱን ቢያስታውቁም፣ ነገሩ የተቆረጠው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ነበር።

ዛሬ ብዙ ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ክር አድርጎ የእጅ ፈትሉን ለማግ ያውለዋል፤ ልቃቂት በእጁ ያልያዘ ትውልድም አባባሉን ይናገረዋል። በመሥሪያ ቤትም ትርጉሙ አልተለወጠም። የሕንፃው ንድፍ፣ የመንገዱ ጥናት፣ የማሽኑ የጥገና መዝገብ የት እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ መደርደሪያው የቱንም ያህል ቢያምር ሥራው ሥርዐት አለው አይባልም። ያ ሰው በተዛወረ ወይም በጡረታ በተሰናበተ ማግስት፣ ተተኪው የተለካውን እንደገና ይለካል፤ የተቆፈረውን እንደገና ይቆፍራል። የሚባክነውም የሕዝብ ገንዘብና ጊዜ ነው።

ልቃቂት የሚጠቀለለው ለሌላ ሰው እጅ ነው፤ ፈታይዋ የጠቀለለችውን የሚተረትረው ሸማኔው ነውና። ሥርዐትም እንዲሁ ለሠሪው ምቾት ብቻ የሚጠበቅ ሳይሆን፣ ለተረካቢው የሚተውለት ውል ነው።