መክሊትና ሚዛን

ሰው ሁሉ በመልክ እንደማይመሳሰል በአእምሮም አይመሳሰልም። አንዱ የሰማውን ወዲያው ይይዛል፤ ሌላው ሦስት ጊዜ ከተደገመለት በኋላ ይይዛል፥ ከያዘ በኋላ ግን አይለቅም። አንዱ በቍጥር ይበረታል፥ ሌላው በቋንቋ። ይህ ልዩነት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ገና በሕፃንነቱ ከእኩዮቹ ፈጥኖ የሚሄደውን ልጅ ምን እናድርገው? የሚል ጥያቄ ነው። ለይተን እናስተምረው ወይስ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ይጠብቃቸው? ለይተን የምናስተምረው ከሆነስ ማን እንደ ሆነ በምን እናውቀዋለን?

በዚህ ጥያቄ ብዙ ከደከሙት አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። ታሪኩን ከዚያ ወስደን ብንመለከተው፥ ወጣቶች ስለ ትምህርት ብቻ ሳይሆን ስለ ፍርድና ስለ ትሕትናም የሚማሩበት ብዙ ነገር አለ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ19ኛው መቶ ዓመት የአሜሪካ ከተሞች በሕዝብ ሲሞሉ ትምህርት ቤቶቻቸውም በልጆች ሞሉ። ከዚያ በፊት በገጠሩ ትንሹም ትልቁም በአንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስቦ፥ አስተማሪው እያንዳንዱን እንደ ዐቅሙ ያስተምረው ነበር፤ ይህም በአገራችን የኔታ አንዱን ፊደል ሲያስቈጥሩ ሌላውን ዳዊት እንደሚያስደግሙት ዓይነት ነው። በከተማው ግን ብዛቱ ይህን ስላልፈቀደ፥ ልጆች በዕድሜ እየተመደቡ በየዓመቱ አንድ ክፍል እንዲያልፉ ተደረገ። የአስተማሪው ሥራ ተቃለለ፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ ርምጃ እንዲሄድ ስለ ተገደደ፥ ዘገምተኛው ወደ ኋላ ቀረ፥ ፈጣኑም ቆሞ ጠባቂ ሆነ።

ይህን ችግር አስቀድመው ካዩት አንዱ ዊልያም ቶሪ ሃሪስ ነው። በ1868 ዓ.ም. የሴንት ሉዊስ ከተማ ትምህርት ቤቶች የበላይ ሹም ሆኖ፥ የበቃ ተማሪ የዓመቱን መጨረሻ ሳይጠብቅ ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዛወር አደረገ። በ1901 ዓ.ም. ደግሞ በማሳቹሴትስ የምትገኘው የዉስተር ከተማ ለፈጣን ልጆች የተለየ ትምህርት ቤት ከፈተች። ሆኖም በዚያ ዘመን ማን ፈጣን እንደ ሆነ የሚፈርደው የአስተማሪው ዐይን ነበር። ዐይን ደግሞ ይሳሳታል፤ ንጹሕ ልብስ የለበሰውን፥ ጸጥ ብሎ የሚቀመጠውን፥ የታወቀ ሰው ልጅ የሆነውን፥ ብልህ ነው ብሎ ይገምታል።

ሚዛኑ የመጣው ከፈረንሳይ ነው፤ የተሠራውም ለፈጣኖች ሳይሆን ለደካሞች ታስቦ ነው። በፓሪስ ይኖር የነበረው አልፍሬድ ቢኔ፥ ከረዳቱ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር በ1905 ዓ.ም. ለሕፃናት የሚቀርቡ ጥያቄዎችን አዘጋጀ። ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሚሄዱ ነበሩ፤ ዓላማቸውም በመደበኛው ክፍል መከተል የማይችሉትን ልጆች ለይቶ ተጨማሪ ርዳታ እንዲደረግላቸው ነው። ቢኔ ውጤቱ የልጁ የዘለዓለም ዕጣ ነው ብሎ አላመነም። እንዲያውም የአንድ ሰው አእምሮ ተለክቶ ያበቃለት፥ ከዚያ ወዲያም የማይጨምር ነገር ነው የሚሉትን በብርቱ ተቃወመ። አእምሮ በሥራና በልምምድ ይበረታል የሚል እምነት ነበረው። በ1911 ዓ.ም. ሲሞት ግን ሚዛኑ ወደ ሌሎች እጅ ገባ።

ከነዚህም ዋናው በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ልዊስ ተርማን ነው። ተርማን በኢንዲያና የገበሬ ልጅ ሆኖ በ1877 ዓ.ም. ተወለደ። የቢኔን ጥያቄዎች ለአሜሪካ ልጆች እንዲስማሙ አድርጎ በ1916 ዓ.ም. አሳተመ፤ ውጤቱም በአንድ ቍጥር እንዲገለጽ አደረገ። አሠራሩ በዚያ ጊዜ እንዲህ ነበር፤ የ8 ዓመት ልጅ የ10 ዓመት ልጅ የሚመልሰውን ከመለሰ፥ 10ን ለ8 አካፍሎ በ100 ማባዛት ነው፤ ውጤቱም 125 ይሆናል። በዕድሜው ልክ የመለሰ ልጅ 100 ያገኛል። 140 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ግን ከብዙዎች መካከል የሚገኝ ጥቂት ነው።

ተርማን በ1921 ዓ.ም. ትልቅ ምርመራ ጀመረ። በካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቶች እየዞረ፥ አስተማሪዎች ብልህ ናቸው ያሏቸውን ልጆች እያስፈተነ፥ ከ1,500 የሚበልጡ ሕፃናትን መርጦ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ተከታተላቸው። በዚያን ጊዜ ሕዝቡ ብልህ ልጅ በሽተኛ፥ ዐይነ ደካማ፥ ከሰው የማይገጥም ይሆናል ይል ነበር። ተርማን ይህ ሐሰት መሆኑን አስረዳ፤ ልጆቹ በጤናም ሆነ በጠባይ ከሌሎች የማያንሱ ሆነው ተገኙ። ይህ የተመሰገነ ሥራው ነው።

ነገር ግን ሚዛኑ ያልያዘው ነገር ነበረ። ተርማን ያስፈተናቸው ነገር ግን ቍጥራችሁ አልደረሰም ተብለው ከተመለሱት ልጆች መካከል ዊልያም ሾክሊና ሉዊስ አልቫሬዝ ይገኙ ነበር። ሾክሊ ትራንዚስተር የሚባለውን መሣሪያ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በማስገኘቱ በ1956 ዓ.ም. የኖቤልን የፊዚክስ ሽልማት ተቀበለ፤ አልቫሬዝም በ1968 ዓ.ም. ይህንኑ ሽልማት አገኘ። ከተመረጡት ከ1,500 ከሚበልጡት ልጆች ግን ይህን ሽልማት ያገኘ አንድም የለም።

ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። የተመረጡት ልጆች ካደጉ በኋላ፥ ከወንዶቹ መካከል በሥራቸው እጅግ የተሳካላቸውን 150 እና ብዙ ያልተሳካላቸውን 150 ለይተው አመዛዘኗቸው። በሕፃንነታቸው ያገኙት ቍጥር እምብዛም አይለያይም ነበር። የለያያቸው ጽናት፥ በራስ መተማመን፥ ወደ አንድ ዓላማ አተኵሮ መሥራትና ያደጉበት ቤት ነው። ከሴቶቹም ብዙዎቹ ያን ሁሉ ችሎታ ይዘው በዘመኑ ልማድ ምክንያት ከቤት ሥራ ሳይወጡ ቀሩ። እንግዲህ ቍጥሩ ዘሩን ያመለክታል እንጂ መከሩን አይናገርም ማለት ነው።

የተርማን ትልቁ ጥፋት ግን ከዚህ ይከፋል። በ1916ቱ መጽሐፉ የአሜሪካ ሕንዶችን፥ የሜክሲኮዎችንና የጥቁሮችን ልጆች አእምሮ በዘር የደከመ ነው ብሎ ጻፈ። ልጆቹ በምን ዓይነት ቤት እንዳደጉ፥ የጥያቄው ቋንቋ የማን ቋንቋ እንደ ሆነ፥ ትምህርት ቤታቸውስ ምን ይመስል እንደ ነበረ፥ በሚገባ አልመረመረም። ሚዛን የያዘ ሰው ሁሉ ፍርድ ያውቃል ማለት አይደለም። ዕውቀት ከትዕቢት ጋር ሲገናኝ ከድንቍርና የባሰ ጕዳት ያደርሳል፤ ድንቍርና በራሱ ሲያፍር፥ የተማረ ትዕቢት ግን በቍጥር ተደግፎ ይናገራልና።

በዚያው ዘመን በኒውዮርክ ሌታ ሆሊንግዎርዝ የምትባል ሴት ይህን ጥያቄ በሌላ መንገድ ትመረምር ነበር። በ1886 ዓ.ም. በነብራስካ ገጠር ተወለደች፤ እናቷም ገና በሕፃንነቷ ሞተችባት። ወደ ኒውዮርክ ሄዳ ባል ባገባች ጊዜ ሥራዋ ማስተማር ነበር፤ ነገር ግን የከተማው ትምህርት ቤቶች ያገባች ሴት አይቀጥሩም ነበርና ከቤት እንድትቀመጥ ተገደደች። እርስዋ ግን ተስፋ ሳትቈርጥ ተምራ በ1916 ዓ.ም. በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለች። የዚያ ዘመን ሊቃውንት እጅግ ብልህ ሰው ከሴቶች ወገን አይወጣም፥ የሴቶች ተፈጥሮ ሁሉ መካከለኛ ነውና ይሉ ነበር። እርስዋም ከአንዲት ባልደረባዋ ጋር የ1,000 ወንዶችና የ1,000 ሴቶች አራስ ሕፃናትን ልክ መርምራ፥ ንግግሩ መሠረት የሌለው መሆኑን በ1914 ዓ.ም. አሳየች።

ሆሊንግዎርዝ በ1922 ዓ.ም. በማንሃታን በአንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት ውስጥ ለፈጣን ሕፃናት የተለዩ ሁለት ክፍሎች አቋቁማ ሦስት ዓመት ተከታተለቻቸው። በ1936 ዓ.ም. ደግሞ ስፓየር የሚባለው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከዚህ ትምህርት ቤት የሚያስደንቀው አንድ ነገር፥ በአንድ ጣራ ሥር ለፈጣኖች ብቻ ሳይሆን ትምህርት ለሚከብዳቸው ልጆችም ክፍሎች መኖራቸው ነው። ሁለቱም በመደበኛው ክፍል ተረስተው የነበሩ ናቸውና።

ሆሊንግዎርዝ ስትናገር፥ 140 ያገኘ ልጅ በተራው ክፍል ግማሽ ጊዜውን በከንቱ ያሳልፋል፥ ከ170 በላይ የሆነውም ጊዜውን ሁሉ ለማለት ይቻላል ያባክናል ትል ነበር። ነገሩ ጊዜ መጥፋቱ ብቻ አይደለም። ሳይደክም የሚያልፍ ልጅ ድካምን ሳይለምድ ያድጋል፤ ኋላ እውነተኛው ችግር ሲገጥመው የሚታገልበት ጡንቻ የለውም። ስለዚህ በስፓየር ልጆቹ የታዘዘውን መደበኛ ትምህርት በግማሽ ቀን ይጨርሱና በቀረው ጊዜ ሌላ ነገር ይማሩ ነበር። ያ ሌላ ነገር ምን ነበር? ከፍ ያለ ፍልስፍና አልነበረም። ምግብ፥ ልብስ፥ ቤት፥ መብራት፥ መጓጓዣ፥ የጊዜ አቈጣጠር ከየት እንደ መጡና እንዴት እየተሻሻሉ እዚህ እንደ ደረሱ፥ ራሳቸው መጽሐፍ እያገላበጡ ይመረምሩ ነበር። የታላላቅ ሰዎችንም የሕይወት ታሪክና የፈረንሳይን ቋንቋ ይማሩ ነበር። ብልህ ልጅ በየቀኑ የሚበላው እንጀራ የስንት ትውልድ ድካም እንደ ሆነ ሲያውቅ፥ ብልህነቱ ወደ ምስጋና ይመራዋል።

ይህች ሴት በጣም ፈጣን የሆኑ ልጆች ከሁሉ አስቀድመው ሊማሩት የሚገባው አንድ ነገር አለ ትል ነበር፤ እርሱም ከእነርሱ ያነሰ የሚያስተውለውን ሰው ሳይንቁና ሳይመረሩ በትዕግሥት መቻል ነው። ይህን ያልተማረ ብልህ ወይ ትዕቢተኛ ወይ ብቸኛ ሆኖ ይቀራል። ሆሊንግዎርዝ በ1939 ዓ.ም. ሥራዋን ሳትፈጽም ሞተች።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ለብዙ ጊዜ ቀዘቀዘ። በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክ የሚባለውን ሰው ሠራሽ ጨረቃ ወደ ሰማይ በላከች ጊዜ ግን አሜሪካ ደነገጠች። በ1958 ዓ.ም. ለሒሳብ፥ ለሳይንስና ለውጭ ቋንቋዎች ትምህርት፥ እንዲሁም ችሎታ ያላቸውን ተማሪዎች ፈልጎ ለማግኘት ብዙ ገንዘብ የሚሰጥ ሕግ ወጣ። በ1972 ዓ.ም. ለአገሪቱ የሕግ አውጪ ምክር ቤት የቀረበ አንድ ዘገባ፥ ስጦታ ማለት የፈተና ቍጥር ብቻ አይደለም፥ የመፍጠር ችሎታ፥ መሪነትና ኪነ ጥበብም ነው አለ። በ1988 ዓ.ም. የወጣውም ሕግ በድኾችና በተናቁት ወገኖች ዘንድ ያሉት ልጆች እንዲፈለጉ አዘዘ።

ይሁን እንጂ ሕግ መውጣቱ ብቻ አልበቃም። በኒውዮርክ ከተማ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የ4 ዓመት ሕፃናት በአንድ ፈተና እየተለዩ ወደ ልዩ ክፍል ይገቡ ነበር። ፈተናው ለሁሉም አንድ ስለ ሆነ ፍርዱ ትክክል ይሆናል ተብሎ ነበር። ሆኖም ሀብታሞቹ ወላጆች ለሕፃኖቻቸው አስጠኚ ቀጠሩ፤ የጥቁሮችና የላቲኖች ልጆች በእነዚያ ክፍሎች ጥቂት ብቻ ሆነው ተገኙ። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ ፈተናው በ2021 ዓ.ም. ቀረ።

በፍሎሪዳ በብራዋርድ አውራጃ የተደረገው ደግሞ ሌላውን ገጽ ያሳያል። በዚያ ልጆች ለምርመራ የሚቀርቡት አስተማሪ ወይም ወላጅ ሲጠቍማቸው ነበር። ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ግን የሁለተኛ ክፍል ልጆች ሁሉ፥ የተጠቈመውም ያልተጠቈመውም፥ እንዲፈተኑ ተደረገ። ወዲያው ከድኾች፥ ከጥቁሮችና ከስፓኒሽ ተናጋሪዎች ቤት የሚመረጡት ልጆች እጅግ በረከቱ። እነዚህ ልጆች በዚያ ዓመት ድንገት ብልሆች አልሆኑም፤ ቀድሞም ነበሩ፥ ያያቸው ግን አልነበረም። ኋላ ገንዘብ አነሰ ተብሎ አሠራሩ ሲቋረጥ ቍጥራቸው ተመልሶ ወረደ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? አስቀድሞ፥ ወደ ሚዛን ያልቀረበ ወርቅ ድንጋይ ነው ማለት እንዳልሆነ እንማራለን። ነገ አስተማሪ ወይም ሹም ብትሆን፥ እጁን የሚያወጣውን ብቻ ሳይሆን ከኋላ ዝም ብሎ የተቀመጠውንም ጠይቀው። ሁለተኛም፥ ፈጣኑን ልጅ ከማሰር፥ ዘገምተኛውንም ከመተው፥ ለሁለቱም የሚገባውን መስጠት እውነተኛ እኩልነት መሆኑን እንማራለን። አንድ ልክ ጫማ ለሁሉ መስጠት እኩልነት አይባልምና።

ሦስተኛው ስለ ራስህ ነው። ከእኩዮችህ ፈጥነህ የምትሄድ ብትሆን፥ ፍጥነትህን ከገበያ አልገዛኸውም፤ ስለዚህ የምትኰራበት ሳይሆን የምትጠየቅበት ነው። መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ የተፈረደበት ስለ ሰረቀ አይደለም፥ ስላልሠራበት ነው። አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለዚህ ነው፤ ብልህ መባል ጥምጥሙ ነው፥ መሥራት ግን ትምህርቱ ነው። ዘገምተኛ የሆንህ ቢመስልህም አትዘን፤ ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል። ሦስት መቶዎቹ ሰዎች በተመዛዘኑ ጊዜ የለያያቸው ቍጥራቸው ሳይሆን ጽናታቸውና ያሳደጋቸው ቤት እንደ ነበረ አይተናል። ቤቱን ማንም መርጦ አይወለድበትም፤ ጽናት ግን በእያንዳንዱ እጅ ነው።