ሐሙስ የሚባል ከተማ፣ አርብ የሚባል እረፍት

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። አሁን አዲስ አበባ ነው። ቀን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይውላል፣ ማታ ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል፣ ቅዳሜና እሁድ የነጋዴ ሒሳብ ይሠራል። «መምህር፣ እርስዎ ቀንም ማታም እያስተማሩ ለማንበብና ለመጻፍ ጊዜ ከየት ያገኙ ነበር? እኔ እናቴን እንኳ ተረጋግቼ ማናገር አቃተኝ» ይላል። መልሱን ለእሱ ብቻ ልልክ ጀምሬ ሲረዝምብኝ ጊዜ እዚህ አመጣሁት። የታሪክ መምህር ምክር ተጠይቆ ታሪክ ቢያወራ አትፍረዱበት።

ከከተማችን ስም ልነሳ። በኦሮምኛ «ከሚሳ» ሐሙስ ነው፤ ሽማግሌዎቻችን የከሚሴን ስም ከሐሙስ ገበያ ጋር ያያይዙታል። በአዲስ አበባው መንገድ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ሰንበቴ አለች፤ ገበያዋ እሁድ ነው፣ ስሟም እንደምታዩት ነው። የባቲ ደግሞ ሰኞ ነው። አያችሁ፣ የኛ አገር ሰው ከተማን በቀን የሚጠራ ሰው ነው። ሰዓት በእጁ ላይ ያሰረ በሌለበት ዘመን ሳምንቱ መሬት ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ እሁድ አንድ ቦታ፣ ሰኞ ሌላ ቦታ፣ ሐሙስ እኛ ጋ።

«ገበያ ሥራ እንጂ እረፍት ነው ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ሁለቱንም ነበር። ደገኛው እህሉን ጭኖ ይወርዳል፣ አፋሩ ግመሉንና ቅቤውን ይዞ ይመጣል፣ አርጎባው ሸማውን ይዘረጋል። ነገር ግን ፍየሉን ሳይሸጥ እየጎተተ የሚመለስ ሰው ቀኑ ባከነ አይልም። የታመመ ዘመድ ወሬ ሰምቷል፣ የተጣላውን በሽማግሌ አስታርቋል፣ ለልጁ ሚስት አጭቷል። ቀጠሮ እንኳ «ለሐሙስ» ነበር እንጂ «ሲመቸኝ» አልነበረም። የዛሬው ትልቁ ችግራችን ይቺ «ሲመቸኝ» የምትባል ቃል ትመስለኛለች። ሐሙስ ሁላችንም የምናውቀው ቀን ነው፤ «ሲመቸኝ» ግን በየትኛውም ካላንደር ላይ የለችም።

ደግሞ ያለፈውን ዘመን ገነት እንዳላስመስለው። የገበያ እረፍት ባብዛኛው የወንድ እረፍት ነበር። በበጋ ከብቱ ከየአቅጣጫው ወደ ጨፋ ረግረግ፣ ወደ ቦርከና ዳር ሲወርድ፣ አባቶች ጥላ ሥር ሲጫወቱ ከብቱን የሚያግደው ልጅ ነው። ገበሬውም ቢሆን ጭሰኛ ከሆነ ቀኑ ሁሉ የራሱ አልነበረም፤ ለባለመሬቱ የሚሠራበት ቀን ነበረበት። ያ ዕዳ በአዋጅ የተነሣው የካቲት 25 ቀን 1967 ነው። ስለ መሬት ላራሹ ስናስተምር ስለ ሄክታር እናወራለን፤ ስለ ቀን ብዙም አናወራም። እኔም ራሴ ስንት ዓመት ሳስተምረው ቀኑን አላነሳሁትም።

እናቴ ደግሞ ከሁሉም በፊት ነበር የምትነሳው። ልጅ ሆኜ የምነቃው በዶሮ ሳይሆን በወፍጮ ድምፅ ነው። ጎንበስ ብላ መጁን ስትገፋ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲሄድ። ያቺ ሴት ያንን ሁሉ ፈጭታ፣ ውኃ ቀድታ፣ ጋግራ ነው ቀኗ «የሚጀምረው»። የናፍጣ ወፍጮ ቤት ሰፈራችን የመጣ ጊዜ አባቴ «ገንዘብ የሚበላ ጭስ» ብሎት ነበር። እናቴ ምንም አላለችም፤ እህሉን ተሸክማ ሄደች። ወፍጮ ቤቱ ጋ ወረፋ ነበረ፤ ያ ወረፋ ለሰፈራችን ሴቶች ቁጭ ብሎ ማውሪያ ሆነ።

በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናቴም ማታ ማታ ፊደል ልትቆጥር ሄደች። በዚያ ዘመን የነበረው ስብሰባና ዘመቻ የሰውን ጊዜ እንዴት ይበላ እንደነበር የኖረ ያውቀዋል፤ እሱን አላሞግሰውም። ግን እናቴ ስሟን የጻፈችው እዚያ ነው። ወፍጮ ቤቱ ባይቀድም ኖሮ ፊደሉ ጊዜ አያገኝም ነበር። የታሪክ መጽሐፎቻችን ዘመቻውን ይጽፋሉ፤ ወፍጮውን የሚጽፍለት የለም።

አሁን ወደ ካላንደሩ ልምጣ። ዕድሜያችሁ ከኔ በታች የሆነ ሁሉ ዒድ ሲሆን መሥሪያ ቤት መዘጋቱ ከጥንት የነበረ ይመስላችኋል። አልነበረም። እኔ ተማሪ ሳለሁ ዒድ በዋለ ቀን ደብተሬን ይዤ ትምህርት ቤት ሄጃለሁ። ብቀር ቀሪ ይጻፍብኛል። ሰፈሩ በሙሉ አዲስ ልብስ ለብሶ ሲወጣ እኔ ዩኒፎርም ለብሼ በመሐላቸው ሳልፍ ያፈርኩት ነገር እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ጓደኞቼ ለገና ቤታቸው ይውላሉ፤ እኔም ለገና ቤቴ እውላለሁ። ለዒድ ግን ሁላችንም ክፍል ውስጥ ነን።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች በብዛት ወጡ። ክርስቲያን ወገኖቻቸውም አብረዋቸው ነበሩ። ከጥያቄዎቹ አንዱ በዓሎቻችን የአገር በዓል ይሁኑ የሚል ነው። ወዲያው ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፤ ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አል አድሐና መውሊድ የሕዝብ በዓል ሆኑ። ከዚያ በኋላ ያ ጓደኛዬ ለዒድ ክፍል ውስጥ አልተቀመጠም፤ እኛ ቤት ሥጋ በላ እንጂ። ይቅርታ፣ የክርስቲያን ሥጋ ለብቻው ነበር የሚታረድለት፤ ወሎን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ሕጉ ዛሬ በወረቀት ላይ ደግ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሠራተኛ እረፍትና የመዝናኛ ጊዜ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ብሎ ይገድባል። የመንግሥት ሠራተኛው 39 ነው። የባጃጅ ሹፌሩንና እንጀራ ሻጯን ግን እነዚህ ቁጥሮች አያገኟቸውም። አንተም፣ ልጄ፣ 39ኙን ጨርሰህ የቀረውን ራስህ ሸጠኸዋል። አልፈርድብህም፤ የቤት ኪራዩን አውቃለሁ።

ግን 39 እንዴት እንደመጣ አስበህ ታውቃለህ? ከሰኞ እስከ ሐሙስ በቀን 8 ሰዓት ስትሠራ 32 ይሆናል። አርብ 7 ብቻ ነው። ከ5:30 እስከ 7:30 ሁለት ሰዓት እረፍት አለ፤ ለጁምዓ ሶላት ታስቦ የተተወ ነው። አንተ ጁምዓ አትሄድም። እረፍቱ ግን የሃይማኖት መታወቂያ አይጠይቅም፤ ላንተም ሁለት ሰዓት ነው።

ጥያቄህን አልረሳሁም። ለመጻፍ ጊዜ ከየት አመጣህ ላልከኝ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አላመጣሁም። ባለቤቴ ልጆቹንም ቤቱንም ይዛ በሩን ትዘጋልኝ ነበር። እሷ ያስተማረችበት ቀን አብቅቶ ቤት ስትገባ ሁለተኛው ሥራዋ ይጀምራል፤ እኔ ሁለተኛዬን መጽሐፍ እገልጣለሁ። የእሷን ጊዜ ነበር ስጽፍበት የኖርኩት። ይህን ጽሑፍ ሳነብላት «አሁን ገና?» አለችኝና ሳቀች።

እናትህን ባለፈው ሳምንት አግኝቻታለሁ። ደህና ናት፣ ጉልበቷን ብቻ ትንሽ ያማታል። «ሲመቸው ይደውላል» አለችኝ፤ እዚያች ቃል ላይ ነው ደሜ የፈላው። አርብ አርብ ከስድስት ሰዓት በኋላ ጀበና ትጥዳለች። ጎረቤቶቿ ይሰበሰባሉ፤ አቦሉ ላይ ወሬው ስለሚበዛ አትሰማህም፤ ቶናውም ላይ እንደዚያው ነው። ሰባት ሰዓት ሲል በረካው ይቀዳል። ያን ጊዜ ስልኩ ከጀበናው አጠገብ ነው።