ማጭድ (የክረምት አያያዝ)
ማጭድ ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ የሚታጨድበት፣ የእንጨት እጀታ ያለው ቆልማማ ብረት ነው። በጎጃም ደጋዎች ዋና ሥራው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሲሆን ክረምቱን በአብዛኛው ተቀምጦ ያሳልፋል።

ጠላቱ ዝገት ነው። ብረት ውሃና ኦክስጅን ሲያገኙት ይዝጋል፤ የአየሩ እርጥበት ሲጨምር ዝገቱ ይፈጥናል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ስለሚበረታ፣ መሬት ላይ የተጣለ ማጭድ ቶሎ ይበላሻል።

ከአጨዳ በኋላ ጭቃው ተጠርጎ፣ ብረቱ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ዘይት ወይም ጨው ያልነካው ሞራ በስሱ ይቀባል። ከዚያም ከወለል ርቆ ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ቦታ ይሰቀላል። በፕላስቲክ መጠቅለል እርጥበቱን አምቆ ይይዛል።

ቀላል ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል፤ ጥርሱ የዶለዶመ ማጭድ ግን ወደ ቀጥቃጭ ይሄዳል።