የቤት ሽታ ታሪክ፦ ከጓሮ ማድ ቤት እስከ ካርፔት

ሊሸጥ የተዘጋጀ ቤት ሊያዩ የመጡ ገዢዎች ከበሩ እንደገቡ አፍንጫቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ መኝታ ቤቱን እንኳ ሳያዩ «እናመሰግናለን» ብለው ሲወጡ ያየ ወገን ጥቂት አይደለም። በተለይ ቤቱን ለዓመታት ሲያከራይ ኖሮ ተከራዩ ሲለቅ ልሽጠው ብሎ የተነሳ ሰው ይህ ይገጥመዋል። ደላላው በይሉኝታ «ቤቱ ወጥ ወጥ ይሸታል» ብሎ አይናገርም፤ ዋጋው ዝቅ ይበል ይላል እንጂ። ባለቤቱ በተከራዩ ላይ ጣቱን ይቀስራል፤ ተከራዩም «ዶሮ ወጥ ሠርቼ በላሁ እንጂ ምን አጠፋሁ?» ይላል። በማስያዣው ገንዘብ የተነሳ አብረው ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ ሰዎች ይኮራረፋሉ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ከሁለቱም ይልቅ ጥፋተኛው የቤቱ አሠራር ነው። ይህን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በዋሺንግተን አካባቢ የምትኖሩ አንባብያን በቨርጂኒያ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር የሚገኘውን የጆርጅ ዋሺንግተንን መኖሪያ ማውንት ቨርነንን ጎብኝታችሁ ይሆናል። እዚያ ወጥ ቤቱ ለብቻው የቆመ ሕንጻ ነው፤ ከዋናው ቤት ጋር የሚገናኘው ጣራ ባለው መተላለፊያ ብቻ ነው። የደቡብ ባለጸጎች እንዲህ የሚሠሩት የእሳት አደጋን፣ ሙቀትንና ሽታን ለማራቅ ነበር። ጭሱን የሚጠጡት ደግሞ በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ፣ በወጥ ሠሪነቱ የታወቀው ሄርኩለስ፣ በ1797 አምልጦ ነጻ ወጥቷል።

ታዲያ ይህ ከእኛ አገር ማድ ቤት በምን ይለያል? እኛም ዘንድ ቁሌቱ የሚቁላላው፣ በርበሬው የሚታመሰው፣ ቅቤው የሚነጠረው ጓሮ ነበር። በገጠሩ ጎጆ እሳቱ መሀል ቤት ቢነድ እንኳ ጭሱ በሣር ክዳኑ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል፤ በዚያውም ክዳኑን ከተባይ ይጠብቃል። ከሁሉ በላይ ግን እናቶቻችን ስለ ሽታ የነበራቸው እውቀት የሚታየው በጠላ ጋን ላይ ነው። ጋኑ በመጀመሪያ በግራዋ ተፈትጎ ይታጠባል፤ በወይራ የሚታጠነው ከዚያ በኋላ ነው። ያልታጠበ ጋን ያጠነች ሴት የጎረቤት መሳቂያ ትሆን ነበር።

ይህን ቅደም ተከተል የአውሮፓ ሊቃውንት ለመረዳት ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል። በሽታ የሚመጣው ከመጥፎ ሽታ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር በወረርሽኝ ጊዜ ሐኪሞቻቸው መልካም መዓዛ ያለው ቅጠል አፍንጫቸው ላይ ይይዙ ነበር። ወባ የሚጠራበት «ማላሪያ» የሚለው ቃል ራሱ በጣልያንኛ «መጥፎ አየር» ማለት ነው። በ1820ዎቹ አንትዋን ላባራክ የተባለ ፈረንሳዊ መድኃኒት ቀማሚ የከብት አንጀት እያጠቡ ክር የሚሠሩ የፓሪስ ፋብሪካዎችን ግማት በክሎሪን ውሁድ አጠፋ። ዛሬ በየቤታችን ያለው በረኪና የዚያ ውሁድ ዘመድ ነው። ቢሆንም በ1858 በጋ የለንደኑ የቴምዝ ወንዝ በከተማው ፍሳሽ ሲገማ የፓርላማው ሰዎች መጀመሪያ ያደረጉት መጋረጃቸውን በክሎሪን ኖራ መንከር ነበር። አልረዳቸውም። ያዳናቸው ጆሴፍ ባዛልጌት የተባለው መሐንዲስ የዘረጋው የፍሳሽ ቦይ ነው። ሽታውን ለማጥፋት ተብሎ የተሠራው ቦይ ኮሌራውንም ይዞት ሄደ፤ በተሳሳተ እምነት ትክክለኛ ሥራ መሥራት ማለት ይኸው ነው።

በአሜሪካ ደግሞ ጋዝና ኤሌክትሪክ ሲመጡ ወጥ ቤቱ ቀስ በቀስ ከጓሮ ወደ ቤት ገባ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በየከተማው ዳርቻ በብዛት በተሠሩት ቤቶች ወለሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የናይለን ካርፔት ለበሰ። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ወዲህ ደግሞ ሙቀት እንዳይባክን ተብሎ ስንጥቁ ሁሉ ተደፈነ። በየምድጃው ላይ ያለው ማራገቢያም ብዙውን ጊዜ አየሩን አጣርቶ መልሶ ወደ ቤት የሚለቅ እንጂ ወደ ውጭ የሚያስወጣ አይደለም። በ1980 የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ በብዛት የመጣነው እኛ የገባነው እንዲህ ባለው ቤት ነው። አንድ ሰዓት የሚንተከተከውን ቁሌታችንን፣ በየሳምንቱ የሚቆላውን ቡናችንንና እጣናችንን በታሸገ ሣጥን ውስጥ ለኮስነው።

ሽታው የት ይቀመጣል? ወጥ ሲንተከተክ በዓይን የማይታይ የቅባት ጠብታ ወደ አየር ይወጣና ቀዝቃዛ ቦታ ሲያገኝ ይለጠፋል፤ በግድግዳው፣ በቁም ሣጥኑ አናት፣ በመጋረጃው፣ ከሁሉ ይልቅ በካርፔቱና ከሥሩ ባለው ስፖንጅ ላይ። ያ ቅባት ሲቆይ ይሻግታል። ስለዚህ በላዩ ሽቶ መንፋት ያልታጠበ ጋን ማጠን ነው። ቤኪንግ ሶዳን ማቀዝቀዣ ውስጥ የማኖር ልማድ የተስፋፋው በ1972 አንድ ኩባንያ ባደረገው ማስታወቂያ ነው፤ ለማቀዝቀዣ ይሁን፣ ለስምንት ዓመት ቁሌት ግን አይበቃም። ሽታ ያጠፋል እየተባለ የሚከራየው የኦዞን መሣሪያም አለ። ኦዞን በ1840 ስሙን ያገኘው «መሽተት» ከሚል የግሪክ ቃል ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ ሰውን በማይጎዳ መጠን ሲለቀቅ ብዙውን ሽታ አያጠፋም፤ ሲበዛ ደግሞ ሳንባ ይጎዳል።

የሚያዋጣው የግራዋው ሥራ ነው። ግድግዳውን፣ ኮርኒሱንና የቁም ሣጥኑን አናት ቅባት በሚፈታ ሳሙና ማጠብ፤ መጋረጃውን ማንሳት፤ የማራገቢያውንና የማሞቂያውን ማጣሪያ መለወጥ። ማጣሪያው ውስጥ ያለው ከሰል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮችን ከመርዝ ጋዝ ያዳነው ዓይነት ከሰል ነው፤ ሲጠግብ ግን ከማለፊያ ቀዳዳነት አያልፍም። ካርፔቱ ካረጀ ከነስፖንጁ መንቀል ይሻላል፤ ወጪው ገዢው ከሚቀንሰው ዋጋ የሚያንስበት ጊዜ ብዙ ነው። ከታጠበ በኋላም ሽታው ካልለቀቀ ከሼላክ የተሠራ ፕራይመር ቀብቶ ከላይ ቀለም መቀባት ነው። ሼላክ እስያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነፍሳት ዛፍ ላይ የምትተወው ሙጫ ሲሆን ለዘመናት የዕቃ ማስዋቢያ ነበር፤ ዛሬ ሽታን ከግድግዳ ውስጥ ያሽጋል። አደራ፣ በረኪናን ከአሞኒያ ወይም ከኮምጣጤ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ምግባችን ነውር ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ፣ በኬንት፣ ብዙ ቤቶች የነበሩት አንድ አከራይ የኬሪ ሽታ ካርፔት ላይ ይቀራል በሚል ሰበብ ነጭ ላልሆኑ ሰዎች አላከራይም ብሎ ነበር፤ በኅዳር 2017 ፍርድ ቤት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ከልክሎታል። አሜሪካም ውስጥ የ1968ቱ የመኖሪያ ቤት ሕግ በዘርም ሆነ በትውልድ አገር ምክንያት ቤት መከልከልን ያግዳል። ቅባት ከግድግዳ ይታጠባል፤ «የእነዚህ ሰዎች ሽታ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። የወገኑን ማስያዣ ለመቁረጥ ይህንኑ ቃል የሚጠቀም ወገን እንዳለም ሰምተናል፤ ያሳዝናል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። የሚኖርበትን ቤት ሽታ አፍንጫ ይለምደዋልና ባለቤቱም ተከራዩም ዳኛ ሊሆኑ አይችሉም። ሥራው ሲያልቅ መስኮቱን ሁሉ ዘግታችሁ አንድ ቀን አሳድሩና ቤቱን ረግጦ የማያውቅ ሰው ጥሩ፤ ቢቻል ምግባችንን የማያውቅ። በሩ ላይ ቆሞ የሚለውን ስሙ። ገዢ በሚመጣበት ቀን ጠዋትም እጣን አታጭሱ።