ሰፈር የሠራ ደብር

በኒውዮርክ ሃርለም፣ በምዕራብ 134ኛ መንገድ ላይ የሚገኘው የቅዱስ ፊልጶስ ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1910 እና 1911 በጡብ የታነጸ፣ የጎቲክን ስልት የተከተለ ሕንፃ ነው። ያም ሆኖ የደብሩ ትልቁ ሥራ ይህ ሕንፃ አይመስለኝም፤ ትልቁ ሥራው ሰፈሩ ነው። ለምን እንደሆነ የሚያስረዳው ደብሩ ሃርለም ከመድረሱ በፊት ያሳለፈው መከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1809 ጥቁር ምእመናን ከትሪኒቲ ቤተ ክርስቲያን ተለይተው ለብቻቸው መጸለይ ጀመሩ፤ በ1818 ደብር ሆነው በሕግ ተቋቋሙ። በ1834 የባርነትን መሻር የሚጠሉ ሁከተኞች ቤተ ክርስቲያናቸውን ሰብረው ገብተው አወደሙት። የሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ግን አጥፊዎቹን ትተው የደብሩን አለቃ ቄስ ፒተር ዊልያምስን ከፀረ ባርነት ማኅበር አመራርነት እንዲለቁ ጠየቋቸው። በሀገረ ስብከቱ ጉባኤ ደብሩ መቀመጫ ያገኘው በ1853 ነው፤ ከተቋቋመ ከ35 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ግድግዳ ብቻውን ምእመኑን እንደማያስጠጋ ይህ ደብር ከማንም ይልቅ ያውቅ ነበር።

በቄስ ሃችንስ ቢሾፕ አለቅነት ዘመን ደብሩ ወደ ሃርለም ሲዛወር፣ ንድፉን የሠሩት ጥቁሮቹ አርክቴክቶች ቨርትነር ታንዲ እና ጆርጅ ፎስተር ናቸው። ታንዲ የዚያው ደብር ምእመን፣ በኒውዮርክ ግዛት ፈቃድ ካገኙት ጥቁር አርክቴክቶችም የመጀመሪያው ነበር። ጎቲክ የነጮች ቅርስ ነው፣ ለምን ኮረጁት የሚል ይኖራል። ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ግን ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተወለደች ናት፤ ጎቲክም የመላው ቤተሰብ ርስት ነው። ለዓመታት ከጉባኤ ደጅ የቆየ ደብር በዚያ ስልት መሥራቱን እኔ የማየው ድርሻን እንደ መጠየቅ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ትችት ነው። ደብሩ በ1911 በ135ኛ መንገድ ላይ አሥር የመኖሪያ ሕንፃዎችን በ640,000 ዶላር ገዛ፤ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ቤት አከራይ ትሆናለች? ግዢው የድሃውን የኪራይ ጭንቅ አላቃለለም፤ ይህን መካድ አይገባም። ይሁንና እነዚያ ቤቶች እስከዚያ ቀን ድረስ ለነጭ ብቻ ይከራዩ ነበር። ጥቁር ተከራይ አናስገባም የሚል ባለቤት በልመና በሩን አይከፍትም፤ በሩ የተከፈተው ባለቤትነቱ ሲለወጥ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ከተማዋ በ1993 በቅርስነት መዝግባዋለች። ሃርለምን ለማየት የሚሄድ አንባቢ ከዚያ አንድ መንገድ ወደ ሰሜን ይለፍ፤ የደብሩ ታሪክ ዋና ገጽ ያለው በ135ኛው መንገድ ላይ ነው።